መቶ ሰማንያ ንጹሕ ቀን

ጥቅምት 10

ውድ ቲቸር፣

ሰው ሁሉ ደብዳቤ ሲጀምር «ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ» ይላል። እኔ ናፍቆትሽንም ትቼው ደህና አይደለሁም። ሃያ ቀን ሙሉ ዳቦ ያልቀመሰ ሰው ደህና ነኝ ቢል ማን ያምነዋል?

ለጠየቅሽኝ በተራ ልመልስ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ መስኮት ግን አለው። መስኮቱ የዕቃ ባቡሮቹ የሚቆሙበትን ሐዲድ ያያል። መጋረጃ አልሰቀልኩም፤ ሕመሙ ሲነሣ ብርድ ልብሱን ምስማር ላይ አንጠለጥለዋለሁ፣ ከመጋረጃም ይበልጣል። ካልሲዬን ራሴው አጥባለሁ። ሥራው መጋዘን ውስጥ ነው፤ መካኒኮቹ ወረቀት ይዘው ይመጣሉ፣ እኔ ብሎንና የፍሬን ዕቃ አውጥቼ እሰጣለሁ። ሃያ አራት ዓመት ባቡር የነዳ ሰው ብሎን ሲያድል ሲውል ምን እንደሚሰማው አልጠየቅሽኝም። ስላልጠየቅሽኝ ተባረኪ።

ልጃችን «አባዬ መቼ ነው የሚመጣው?» እያለች ካስቸገረችሽ ይህን አንብቢላት። ያን ቀን እየነዳሁ ማይግሬኑ፣ ያ የራስ ሕመሜ፣ ሲነሣብኝ የምልክቱ መብራት ከዓይኔ ተሰወረ፤ ባቡሩን ያቆምኩት ምልክቱን ካለፍኩ በኋላ ነው። ሰው አልተጎዳም። መሥሪያ ቤቱ መቶ ሰማንያ ቀን ያለ አንድ ሕመም ካሳለፍኩ ወደ ባቡሬ እንደምመለስ፣ ካላሳለፍኩ እንደማልመለስ ቁርጡን ነገረኝ። እዚህ የመደበኝም ይህን ሕመም በምግብ የሚያክም ክሊኒክ እዚህ ስላለ ነው። እሷ ለፈተናዋ ታጥና፣ እኔ ቀኔን እቆጥራለሁ። አንቺንም ትምህርት ቤትሽንና እሷን በፈተና ዓመቷ ጥለሽ ነይ አልልሽም።

ሕክምናው ኬቶጄኒክ ይባላል፤ ስሙ ራሱ ራስ ያሳምማል። የምግብ ባለሙያዋ የማትመዝነው ነገር ስለሌለ «እመቤት ሚዛን» ብዬ ስም አውጥቼላታለሁ። እንቁላል፣ ቅቤ፣ ስብ ያለው ሥጋ፣ ጎመን፣ አቮካዶ፣ ለውዝ እፍኝ ሳይሞላ፤ በቃ። ዳቦ፣ ድንች፣ ሩዝና ስኳር በደህና ሰንብቱ ተብለዋል። ሰውነቴ ስኳሩን ትቶ ስብ እንዲያነድ ነው አሉ። «ሞተሩ ያው ነው፣ ነዳጁን ብቻ ነው የምንቀይረው» አለችኝ፣ ሥራዬን ጠይቃ። ለሁሉም ሰው እንደማይሠራና ያለ ሐኪም መሞከር እንደማይገባም አልደበቀችኝም። ደብተር ሰጥታኛለች፤ ያመመኝን ቀን አጠቁራለሁ፣ ያላመመኝን ነጭ እተዋለሁ።

ከጥቅምት 6 ወዲህ አላመመኝም። ዛሬ አራተኛው ነጭ ቀኔ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? እኔ ግን ሳይሄድ በፊት እየበላሁት ነው።


ጥቅምት 24

ውድ ባለ ባቡር፣

በመዘግየቴ ይቅር በለኝ። የስልሳ ሁለት ልጅ ፈተና ሳርም ነው የከረምኩት። በሁለተኛው ደብዳቤህ ስለ ርዕሰ መምህሩ ልጅ ለጠየቅከኝ፣ ማርክ አልጨመርኩለትም። አባትየው ቢሮ አስጠርቶ ሻይ ጋበዘኝ፣ ስለ ዝናቡ አወራን፣ ሻዩን ጠጣሁ፣ ልጁም ወደቀ።

አልጋው ላይ አሁንም በራሴ በኩል ብቻ ነው የምተኛው። ልጃችን ያንተን ትራስ ልትወስድ ስትል ተቆጣኋት። በትራስ የሚቆጣ ሰው አይታ ስለማታውቅ ሳቀችብኝ፤ እኔም አብሬያት ልስቅ ስል እንባዬ መጣ። ይህን የምነግርህ እንድታዝን አይደለም፤ ደህና ነኝ ብዬ ብጽፍ እንደማታምነኝ ስለማውቅ ነው።

ጠዋት ባቡሩ በቤታችን ጀርባ ሲያልፍ አዲሱ ነጂ ጡሩምባ አይነፋም። ሕጉ መኖሪያ ሠፈር ውስጥ አይነፋም ነው የሚለው፤ አጥፊው አንተ ነበርክ። ያን ጥፋትህን ግን ወድጄልህ ኖሬያለሁ።

እመቤት ሚዛንን አንድ ነገር ጠይቅልኝ። ጣፋጭ አማረኝ ብለህ በበላህ በሰዓታት ውስጥ ነው ጨለማ ክፍል የምትገባው፤ ሃያ ሁለት ዓመት በዓይኔ ያየሁት ነው። ስኳሩን ቁም ሣጥን ላይ የምደብቀው ለክፋት እንዳልነበረ አሁን ገባህ? «ሚስትህ ልክ ናት» የሚል ወረቀት አጽፈህ ላክልኝ፣ ሳሎን እሰቅለዋለሁ።

ለውዝ ተፈቅዷል ስላልክ አንድ ኪሎ ልኬልሃለሁ። አደራ፣ በልክ ብላ።


ኅዳር 11

ውድ ቲቸር፣

ለውዙ ደረሰ። ስኳር የተለበጠ መሆኑን አላየሽም። የሌላውን ስሕተት በቀይ እስክሪብቶ ስታሳድጂ የራስሽ አመለጠሽ። የመጋዘኑ ጫኞች እዚሁ ቆመው ጨረሱት፤ ሚስትህ ትባረክ ብለዋል።

ወረቀቱን ግን ሳሎን አትሰቅዪም። እመቤት ሚዛንን ጠየቅኋት፤ ነገሩን የገለበጥነው እኛ ነን። እኔን የሚያሳምመኝ ጣፋጩ አልነበረም፤ ሕመሙ ውስጥ ውስጡን ሲጀምር ነው ጣፋጭ የሚያምረኝ። ማዛጋቱም እንደዚሁ ነው። ሕመሙ ገና ደጅ ሳለ የሚልካቸው መልእክተኞች ናቸው ማለት ነው። በሁሉም ሰው ላይ አንድ ዓይነት ባይሆንም በእኔ ላይ ግን ግልጽ ነው አለችኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ምስኪኑን ስኳር ስናስር ኖረናል።

አፍህ ይሸታል ያለህ ማን ነው ላልሽኝ፣ የመጋዘኑ ኃላፊ ነው። «የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ጠጥተህ ነው የምትመጣው?» ብሎ ጠየቀኝ። ስብ ሲነድ የሚመጣ ጠረን ነው ብዬ አስረዳሁት፤ ወንበሩን ግን አራቀ። አንዳንዴ ሚስቴ አጠገቤ አለመኖሯ ደግ ነው እላለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ያን ያልኩበትን አፌን እረግመዋለሁ።

ሠላሳ አምስተኛ ቀኔ ነው። ድሮ በወር ስምንቴ ያመኝ እንደነበር ታስታውሻለሽ።


ታኅሣሥ 6

ውድ ባለ ባቡር፣

ለለውዙ ይቅርታ። ለስኳሩም ይቅርታ፤ የእሱ እንኳ በአንድ ደብዳቤ የሚያልቅ አይመስለኝም። ስታዛጋ «እንቅልፋም» እያልኩ ስስቅብህ፣ ማርማላታ ስትፈልግ ብልቃጡን ስነጥቅህ፣ ለካ አንተ ሳታውቀው እየነገርከኝ ነበር። አብረን ሳለን ብናውቀው ኖሮ ስንት ቀን በጊዜ ባስተኛሁህ።

ጣቢያ መሄዴን የነገረህ ትኬት ቆራጩ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አፉ አያርፍም። አዎ፣ ሄጄ ነበር። ከትምህርት ቤት ስወጣ እግሬ ወሰደኝ። የምቀበለው ሰው እንደሌለኝ እያወቅኩ መንገደኛው ሁሉ ወርዶ እስኪያልቅ ቆምኩ። የመጨረሻው ሰውዬ የሆነ ነገር የጠፋብኝ መስሎት «ምን ልርዳሽ?» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ሦስቴ ሄጃለሁ። ይህን ትኬት ቆራጩ ስላልነገረህ ነው እኔው የምነግርህ።

ልጃችን በሒሳብ አንደኛ ወጥታለች። ላንተ የጻፈችውን ከዚህ ጋር አድርጌዋለሁ፤ አላነበብኩትም።


ጥር 20

ውድ ቲቸር፣

መቶ አራት! ዛሬ እመቤት ሚዛን ደብተሬን ለሌሎች ታካሚዎች አሳየች። ከእኔ ጋር ከጀመሩት ውስጥ ሁለቱ ስላልሠራላቸው ትተውታል፤ እኔን «ዕድለኛው» ይሉኛል። ጠዋት ስነሣ ጭንቅላቴ ታጥቦ የተሰጣ ልብስ ይመስለኛል። አሁን ገና ነው ስንት ቀን እንደባከነብኝ የገባኝ፣ አንቺም ስንቱን ቀን በእግር ጣትሽ ስትራመጂ እንደኖርሽ።

ልምጣ ወይ ላልሽኝ፣ የለም፣ በዕረፍትሽ አትምጪ። ተናድጄ አይደለም። መጥተሽ ስትመለሺ የማልችለው እንዳይሆን ብዬ ነው። ሰባ ስድስት ቀን ነው የቀረኝ፤ ባቡሬን እየነዳሁ ልምጣልሽ። ያን ቀን ሕጉን እጥሳለሁ፣ ጡሩምባውን ሠፈሩ ሁሉ እስኪነቃ ነው የምነፋው።


የካቲት 9

ውድ ቲቸር፣

ምሳ በልቼ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ። ሥራ የለም፤ ማዛጋት ብቻ ነው የተረፈኝ፣ መንጋጋዬ ሊወልቅ ነው። ልጃችን ለላከችው ፎቶ ምስጋናዬን ንገሪያት። ፀጉርሽን ማሳጠርሽን ከፎቶው ነው ያወቅኩት። ለምን እንዳልነገርሽኝ አልጠይቅም፤ ያምርብሻል።

እንዲያው ምን ትዝ እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ያቺ የብርቱካን ማርማላታሽ። ዳቦም አልፈልግ፣ በማንኪያ ብቻ፣ ብልቃጡን ታቅፌ። ከጠዋት ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣ ብላኛለች። የልጣጩ ምሬት ሳይቀር ምላሴ ላይ

የካቲት 11። ይቅርታ፣ ሥራ በዝቶብኝ አቋርጬው ነበር። ደህና ነኝ። መቶ ሃያ አምስት ሆኗል። ለፖስታው እንዲደርስ እዚህ ላይ ላቁም።


መጋቢት 12

ውድ ቲቸር፣

ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኩሽ እኮ። ሁለቴ መጠየቅሽ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ደህና ነኝ።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገርሽ። ሃያ አራት ቀን ቀረኝ። የሐኪሞቹ ኮሚቴ ሚያዝያ 7 ይሰበሰባል። ከደብተሩ ጋር ሁለት ቅጽ ይፈልጋሉ፤ አንዱን የመጋዘኑ ኃላፊ ፈርሟል፣ ሌላው የቤተሰብ ምስክርነት ነው። «በተጠቀሱት መቶ ሰማንያ ቀናት ውስጥ ሕመሙ እንዳልተነሣበት አውቃለሁ» ይላል፣ ከታች ስምና ፊርማ። ባዶውን ልኬልሻለሁ። መቶ ሰማንያው ቀን ገና አልሞላም ብለሽ አታመንቺ፤ ቀኑ ሲደርስ እኔ እሞላዋለሁ። አንቺ መፈረም ብቻ ነው።

አዲስ የባቡር ነጂ ኮፍያ እንድታዘጋጅልኝ ለዕቃ ቤት ሠራተኛዋ ነግሬያለሁ። አሮጌው ጠቦኛል፤ ሰውነቴ ቀንሶ ጭንቅላቴ መወፈሩ ነው የሚገርመው።


መጋቢት 20

ውድ ባለ ባቡር፣

ቅጹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አራት ቀን ዞርኩት። «አውቃለሁ» ይላል። እኔ ምን አውቃለሁ? ስድስት ወር ሙሉ ያየሁት ደብዳቤህን ነው።

የየካቲት 9ኙን ስንቴ እንዳነበብኩት አልነግርህም። ምሳ በልተህ ማዛጋት መንጋጋህን ሊያወልቀው ደረሰ። ከዚያ ማርማላታ አማረህ፣ ያውም ከጠዋት ጀምሮ። ከዚያ ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ቆምክ። ከሁለት ቀን በኋላ በሌላ እስክሪብቶ «ደህና ነኝ» አልክ። መልእክተኞቹ እነማን እንደሆኑ የነገርከኝ አንተው ራስህ ነህ። ያኔ ባትነግረኝ ኖሮ እስቅና አልፈው ነበር።

ተሳስቼ ከሆነ ተሳስተሻል በለኝ፣ ዛሬውኑ እፈርማለሁ። ካልተሳሳትኩ ግን እንዴት ልፈርም? ከኋላህ አራት መቶ ሰው ተቀምጦ ይሄዳል። አንዷ አንድ ቀን ልጃችን ትሆናለች፤ የምትማርበት ከተማ መንገዱ በዚያው ሐዲድ ነው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እኔ ግን ጠርቶ ከማየው በፊት አንተው ብትነግረኝ እመርጣለሁ። እንዳልናፈቅከኝ አድርገህ ብቻ አታንብበው። ይህን ስጽፍ ካንተ ጋር የምኖረውን ስንት ቀን ከራሴ ላይ እየቀነስኩ እንደሆነ አንተም አታውቅም።


መጋቢት 26

አልተሳሳትሽም። አንድ ቀን ነው። ከመቶ ሰማንያ ቀን አንድ። ብርድ ልብሱን ሰቅዬ ተኛሁ፣ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ተነሣሁ። ለኃላፊው ሆዴን ነው አልኩት።

ደብተሩን ላጠቁር እስክሪብቶ አንሥቼ ነበር። አንድ ጥቁር ነጥብ መቶ ሃያ ሁለት ቀን ይበላል። ደግሞ ከአንድ ልጀምር? ስድስት ወር ቆጥሬ በመጨረሻው ሳምንት ደግሞ ባዛጋስ?

አንቺ የምታውቂው ባል ባቡር ነጂ ነው። ያገባሽው እሱን ነው፣ ልጃችን ጓደኞቿን መስኮት ላይ ሰብስባ የምታሳየው እሱን ነው። ብሎን አዳይ ሆኜ በቤታችን በር አልገባም። የምመጣ ከሆነ ባቡሬን እየነዳሁ ነው፣ ካልሆነ ግን እዚሁ እቀራለሁ። ቁርጡን እወቂው ብዬ ነው።


ሚያዝያ 2

ፈርሜያለሁ። ቅጹ እዚሁ ውስጥ አለ።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ጀምሮ «እዚሁ እቀራለሁ» ያልካት ቃል ጆሮዬ ውስጥ ናት። ክፍል ገብቼ ልጆቹ እየጠበቁኝ የምጽፈው ጠፍቶኝ ጠመኔ ይዤ ቆምኩ። ሌላ ስድስት ወር ብትለኝ እችለው ነበር። ጨርሰህ እንደምትቀር ሳስበው ግን አልቻልኩም፤ አቅሜ እስከዚያ ድረስ አይደለም።

አራት መቶው ሰው ይቅር ይበለኝ። ስሜን ቀጥ አድርጌ በመጻፌ አፈርኩ። ያስተማርኩት ልጅ ይህን ቢያደርግ ምን እንደምለው አውቃለሁ፤ ዛሬ ግን ለማንም የምለው የለኝም።

ና ብቻ። እንዴት እንደምትመጣ አልጠይቅህም።


ሚያዝያ 8

ውድ ቲቸር፣

ይህን ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ሚያዝያ 3 ቀን፣ ማንም ሳይጠራኝ፣ ወደ ኮሚቴው ሐኪም ሄጄ የካቲት 9ን ነግሬዋለሁ። ጨዋ ሆኜ እንዳይመስልሽ። ደብተሩን ለማስረከብ ሳዘጋጅ ያቺን ነጭ ቀን አየኋትና ከሰዓት በኋላ ምን ስሠራ እንደነበር ለማስታወስ ሞከርኩ። ብርድ ልብሱን ከመስቀሌ በቀር ምንም የለም። ከመጋዘኑ ወደ ክፍሌ በየት በኩል እንደሄድኩ፣ በሩን ማን እንደዘጋ፣ ለማን ምን ዕቃ እንደሰጠሁ አላውቅም። በኋላ ጠይቄ እንደሰማሁት ለሁለት መካኒኮች የተሳሳተ የፍሬን ዕቃ አውጥቼ ሰጥቻለሁ፤ መልሰው ያመጡት እነሱ ናቸው። ያን ሰዓት ባቡር ላይ ብሆን ኖሮ ብዬ አሰብኩና ወንበሩ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። አንቺ ደግሞ ይህን ሁሉ ከአንድ ደብዳቤ አንብበሽው ነበር። እኔ ግን በቁጣ መለስኩልሽ። ስለ በሩ ያልኩትን ነገር ይቅር በይኝ፤ ከሁሉም በላይ እሱን ይቅር በይኝ።

ሐኪሙ አልተቆጣም። በወር ስምንቴ ይታመም የነበረ ሰው በስድስት ወር አንዴ ከታመመ ሕይወቱ ተመልሶለታል አለኝ። ባቡሩን በተመለከተ ግን ያው ሕግ ነው፤ ከአንድ ልጀምር ወይም ሌላ ሥራ ልምረጥ። ትናንት ኮሚቴው ፊት ቀርቤ መረጥኩ። በእኛ ከተማ ጣቢያ፣ መስኮት ውስጥ ተቀምጬ የባቡር ሰዓት ለጠየቀኝ ሁሉ እነግራለሁ። ምግቡን እቀጥላለሁ፤ በየሁለት ወሩ ክሊኒኩ ያየኛል። ኮፍያውን መልሻለሁ። ስመልሰው አላለቀስኩም ብዬ ብጽፍ እንደማታምኚኝ አውቃለሁ።

የፈረምሽው ቅጽ የደረሰኝ ሚያዝያ 6 ነው። ከሦስት ቀን በፊት ሁሉን ተናግሬ ጨርሻለሁ። ፖስታውን ስከፍተው ደብዳቤሽን ሳላነብ መጀመሪያ ያየሁት ስምሽን ነው። ሙሉ ስምሽን፣ ያው በሰሌዳ ላይ በምትጽፊበት ቀጥ ያለ ጽሕፈት።

እንደምትወጂኝ ሁሌም አውቃለሁ፤ ይህን ሊጠራጠር የሚችል ሰው የለም። ምን ያህል እንደናፈቅኩሽ ግን ያን ፊርማ እስካይ ድረስ አላወቅኩም። አንቺን የሚያህል ሰው እንዲዋሽ ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ቅጹን ማንም አላየውም። ልቀደው ብዬ አንሥቼው ነበር፤ ከዚያ ግን ቀድጄዋለሁ ብሎ ጻፈልኝ እንጂ አላየሁም እያልሽ ስትጨነቂ እንዳትኖሪ ብዬ ተውኩት። ቅዳሜ ጠዋት በተሳፋሪ ባቡር፣ ትኬት ቆርጬ፣ እንደማንኛውም መንገደኛ እመጣለሁ። ወረቀቱን በኮቴ የውስጥ ኪስ ይዤዋለሁ። በሩ ላይ እሰጥሻለሁ፣ አንቺው በእጅሽ ቅደጂው።